የአቦርጂናል ባህልን ከባለቤቶቹ ጎን ሆኖ ማካፈል፦ የሥራ ልምዴ

ትውልዴ ኢትዮጵያ ሲሆን የምኖረው በአውስትራሊያዋ ከተማ በሜልበርን ነው። የምሠራውም ሁለት አቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆኑ) እህትማማቾች በባለቤትነት በሚመሩት አነስተኛ ድርጅት ውስጥ፣ በፕሮግራም አስተባባሪነት ነው። ታላቂቱ ሠዓሊ ናቸው፤ ታናሺቱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በመምህርነት ያገለገሉ ናቸው። ድርጅቱ በትእዛዝ ሥዕል ይሠራል፣ በትምህርት ቤቶች ስለ ባህሉ ያስተምራል፣ መሥሪያ ቤቶችንና ኩባንያዎችንም ያማክራል። የእኔ ድርሻ ደብዳቤው፣ ውሉ፣ የቀጠሮ ሰሌዳውና የክፍያ መጠየቂያው ነው፤ አልሥልም፣ ስለ ባህሉም አላስተምርም። ይህን ድንበር ከመጀመሪያው ቀን ማስመራችን ጠቅሞናል፤ ምክንያቱም እህትማማቾቹ ቀጠሮ ሲሞላባቸው «እርስዎም እኮ ያውቁታል፤ እርስዎ ቢመጡልንስ?» የሚለኝ ደንበኛ ጥቂት አይደለም።

ከትምህርት ቤቶች በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ልጆቹ በነጠብጣብ እንዲሥሉ የሚል ነው። ነገር ግን አውሮፓውያን በ1788 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰፍረው ቅኝ ግዛት ከመመሥረታቸው በፊት በአውስትራሊያ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር፤ የአሣሣል ወጉም እንደ ሕዝቡ ይለያያል። ዛሬ በዓለም የታወቀው የነጠብጣብ ሥዕል የመነጨው ከሜልበርን እጅግ ርቆ፣ በመካከለኛው በረሃ በምትገኘው ፓፑንያ ነው። በዚያ ሽማግሌዎች በ1971 ከመምህሩ ጄፍሪ ባርደን ጋር ተባብረው በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሣሉ፤ በአሸዋና በገላ ላይ ይሠሩ የነበሩትን ንድፎችም ወደ ሰሌዳና ሸራ አሸጋገሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ከንድፎቹ መካከል ሁሉም ሰው ሊያያቸው የማይፈቀዱ ስለነበሩ፣ ምን ይታይ፣ ምን ይሰወር የሚለው ጉዳይ ሠዓሊዎቹን ብዙ አወያይቷል። ስለዚህ የሜልበርን ልጅ ነጠብጣብ ሲደረድር ቢውል ስለሚኖርበት ምድር የሚማረው ነገር የለም።

እኛ በምትኩ የምናቀርበው የደቡብ ምሥራቁን ወግ፣ በጋሻና በፖሰም (በዛፍ ላይ የሚኖር ትንሽ የአውስትራሊያ እንስሳ) ቆዳ ካባ ላይ የሚቀረጹትን መስመሮች ነው። ከጥንቶቹ ካባዎች ሳይበላሹ የቆዩት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ በ1853 እና በ1872 የተሰበሰቡት ሁለቱ በሜልበርን ሙዚየም ይገኛሉ። በ1999 አራት አቦርጂናል ሴት ሠዓሊዎች እነዚህን ካባዎች አጥንተው አምሳያቸውን ሠሩ፤ በ2006 በሜልበርን በተካሄደው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች መክፈቻ ላይም ሜልበርን የምትገኝበት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ነባር ሕዝቦች ሽማግሌዎች ካባ ለብሰው ታዩ። ታላቂቱ እህት ወደ ክፍል ሲገቡ ካባ ይዘው ይገባሉ፤ ልጆቹ ይዳስሱታል፣ ይለብሱታል፣ ከዚያም የየራሳቸውን ቤተሰብ መንገድና ወንዝ በመስመር ይሥላሉ እንጂ የማንንም ጎሣ ንድፍ አይገለብጡም። በሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈር በፉትስክሬይ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሐበሻ ልጆችም ስለሚገኙ፣ አባይን ወይም አዋሽን የሚሥል አይጠፋም፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍለ ጊዜ ነው።

የማማከሩ ሥራ አብዛኛው ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ግርታ ነው። የስብሰባ አዘጋጆች በመክፈቻው ላይ የአገሬው ባለቤቶች «እንኳን ደህና መጣችሁ» እንዲሉ ይፈልጉና ማንኛውም አቦርጂናል ሰው ሊያደርገው የሚችል ይመስላቸዋል። ይህን ሥርዓት መፈጸም የሚችለው ግን የዚያ ምድር ባለቤት የሆነ ወገን ብቻ ነው፤ በመሃል ሜልበርን ዉሩንጄሪዎች፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ደግሞ ቡነሮንግ ሕዝቦች ማለት ነው። ለባለቤቶቹ በቃል እውቅና መስጠት ግን የማንም ተናጋሪ፣ የእኔም ጭምር፣ ተግባር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠያቂውን ወደሚመለከተው ሕጋዊ ተወካይ እንመራዋለን፤ አስቀድሞ እንዲጽፍና ክፍያውን በበጀቱ እንዲይዝም እንነግረዋለን። ለምሳው አቅራቢ ሳይከራከር የሚከፍል ተቋም ሽማግሌዋን በነጻ እንዲመጡ ሲጠይቅ፣ በእኔ አመለካከት የአቅም ማነስ ሳይሆን የአክብሮት ማነስ ነው።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ውሉ ነው። ሥዕል የገዛ ሰው ምስሉን በኩባያና በካናቴራ ላይ የማተም መብት አብሮ የገዛ ይመስለዋል፤ ውላችን ግን የቅጂ መብቱ በሠዓሊዋ እጅ እንደሚቆይ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አጠቃቀም የተለየ ፈቃድና ክፍያ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ደንበኛ ሲያጉረመርም የማነሣለት ታሪክ አለኝ። አውስትራሊያ በ1966 ያወጣችው የአንድ ዶላር ኖት በሰሜን አውስትራሊያ የሚገኘውን የአርንሄም ላንድ አቦርጂናል ሠዓሊ የዴቪድ ማላንጊን ንድፍ ይዞ የታተመው ሠዓሊው ሳያውቅ ነበር፤ ነገሩ ከታወቀ በኋላ ነው አንድ ሺህ ዶላር፣ ሜዳሊያና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የተሰጠው። የዝነኛው አቦርጂናል ሠዓሊ የአልበርት ናማትጂራ የቅጂ መብትም በ1983 ለአሳታሚ ተሸጦ ወደ ቤተሰቡ ወገን የተመለሰው በ2017 ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ! ከ2010 ጀምሮ አንድ ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ በሚያወጣ ዳግም ሽያጭ ላይ ለሠዓሊው አምስት በመቶ እንዲከፈል በሕግ ተደንግጓል፤ ይህንንም ለገዢዎች አስቀድመን እናስረዳለን።

የሥራው ጊዜ አደላደልም አስቸጋሪ ነው። ነባር ሕዝቦች በሕዝብ ቆጠራ እንዲካተቱ ያስቻለው የ1967ቱ ሕዝበ ውሳኔና ለመሬት ባለቤትነታቸው እውቅና የሰጠው የ1992ቱ የማቦ ፍርድ ከሚታሰቡበት ከግንቦት 27 እስከ ሰኔ 3 ባለው ሳምንት፣ እንዲሁም የነባር ሕዝቦች የባህል ሳምንት በሚከበርበት በሐምሌ ወር መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠራናል። አሁን ለትምህርት ቤቶች ቅድሚያ የምንሰጠው በሌሎቹ ወራት ለሚይዙን ነው፤ ትምህርቱም ከበዓል ማድመቂያነት ወጥቶ ከታሪክና ከአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ጋር ይገናኛል።

በጥቅምት 14 ቀን 2023 «የነባር ሕዝቦች ድምፅ» የተባለ፣ ለፓርላማና ለመንግሥት ሐሳብ የሚያቀርብ አካል በሕገ መንግሥቱ ለማስፈር የቀረበው ሐሳብ በሕዝበ ውሳኔ ሲወድቅ፣ ብዙ የነባር ሕዝቦች መሪዎች የአንድ ሳምንት የዝምታ ጊዜ ዐወጁ። እህትማማቾቹም በዚያ ሳምንት ምንም እንዳልይዝ ስለነገሩኝ ቀጠሮዎቹን ሁሉ ወደ ሌላ ጊዜ አዛወርኩ። ሥራ ስንቀጥል «ለመሆኑ በውጤቱ ምን ተሰማችሁ?» የሚል ጥያቄ በየአዳራሹ ይነሣ ጀመር፤ በመንግሥት ፖሊሲ ከቤተሰባቸው ስለተነጠቁት አቦርጂናል ልጆች በግል የሚጠይቅም ነበር። ስለዚህ በውሉ ላይ አስተማሪዋ ስለ ግል ሕይወታቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው ታሪክና ስለ ፖለቲካዊ አቋማቸው የመመለስ ግዴታ እንደሌለባቸው የሚገልጽ አንቀጽ ጨመርን፤ የመድረክ መሪውም ይህን ለታዳሚው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ እናደርጋለን።