ምስጋናና እርግማን ጎን ለጎን

ዛሬ ደግሞ ያ ስሜት መጣ። ምን ሆንሽ ብባል ይሄ ነው የምለው ነገር የለኝም። ቤቱ ሰላም ነው፣ ልጆቹ በልተው ተኝተዋል፣ ሲያካፋ የዋለውም ዝናብ አባርቷል። ታላቅ ወንድሜ ቀን ላይ ደውሎ አላነሳሁለትም። ያው የተጋጨንበት የቤቱ ጉዳይ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ዝርዝሩን እዚህ አላነሳውም። ማታ ለጸሎት ስቆም አፌ የለመደውን «ተመስገን» አለና እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልመጣልኝም። እንዲህ ሲሆንብኝ ትንቢተ ኤርምያስን ነው የማወጣው።

ምዕራፍ 20። በእግዚአብሔር ቤት ላይ የተሾመው ካህን ጳስኮር ኤርምያስን መታውና በላይኛው የብንያም በር በእግር ግንድ አስሮ አሳደረው። እኔን የሚያንገበግበኝ በር ላይ መሆኑ ነው። በር ሰው የሚወጣበት የሚገባበት ቦታ ነው። መሥዋዕት ይዞ የሚመጣው ያየዋል፣ ለመሳለም የሚመጣው ያየዋል፣ የሚያውቁት ሰዎች አይተውት እንዳላዩ ያልፋሉ። እሱ ግን ፊቱን የሚያዞርበት እንኳ የለውም። በማግስቱ ሲፈታ ለጳስኮር የሚነግረውን ነገረው፤ ከነቤተሰብህ ወደ ባቢሎን ትማረካለህ፣ እዚያም ትሞታለህ አለው። በሰው ፊት አንገቱን አልደፋም። ወደ እግዚአብሔር ሲዞር ነው ሆዱ የሚባባው። አታለልኸኝ ይለዋል። በረታህብኝ፣ አሸነፍኸኝ፣ ይኸው ቀኑን ሙሉ የሰው መሳቂያ ሆንኩ። ከእንግዲህ ስምህን አላነሳም ብል ደግሞ ቃልህ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ይነድዳል፣ ችዬ ልሸከመው አልቻልኩም።

ከዚያ ቁጥር 13 ላይ እግዚአብሔርን አመስግኑ ይላል፣ የችግረኛውን ነፍስ ከክፉዎች እጅ አድኗልና። ቁጥር 14 ላይ የተወለድኩባት ቀን የተረገመች ትሁን። በሁለቱ መካከል ምንም የለም። ቀኒቱን ረግሞም አይበቃውም፤ ለአባቱ ወንድ ልጅ ተወለደልህ ብሎ የምሥራች የነገረውን ሰው ይረግማል። ያ ምስኪን ምን አደረገ? ደስ ብሎት ሮጦ ነው የሄደው። ኤርምያስ ግን የዚያችን ቀን ደስታ ሁሉ፣ የአባቱን ፈገግታ ሳይቀር፣ ከሥሩ ሊነቅለው ይፈልጋል።

ሁለቱ በተለያየ ጊዜ የተነገሩ ናቸው፣ በኋላ ነው የተገጣጠሙት የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በአንድ ሌሊት የተጸለዩ ናቸው ብል አይከብደኝም። ሰው አመስግኖ ገና «አሜን» ሳይል ሆዱ ሲገለበጥበት አይቻለሁ። እማዬ በአባዬ ሰልስት ማግስት እንዲያ ነበረች።

ይህ ሰው ከዓናቶት ነው፣ ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ የእግር መንገድ ከምትሆን የካህናት መንደር። በይሁዳ ንጉሥ በኢዮስያስ 13ኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ627 ገደማ ተጠራ፤ ልጅ ነኝ፣ መናገር አላውቅም ብሎ ነበር። ከዚያ ወደ 40 ዓመት ያህል ሰው የማይወደውን ተናገረ። አታግባ ተባለ። ለቅሶ ቤት አትግባ፣ ሰርግ ቤትም አትግባ ተባለ። ይህን በኛ ኑሮ ሳስበው እጅግ ይከብደኛል። ለቅሶ ያልደረሰ፣ ሰርግ ያልጠራና ያልተጠራ ሰው ከማን ጋር ይኖራል? በዚህ ላይ ለዚህ ሕዝብ አትጸልይ ተባለ፣ ያውም ደጋግሞ። ነቢይ ሆኖ ስለ ሕዝቡ እንዳይጸልይ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሊገድሉት የመጀመሪያዎቹ የተማከሩት ደግሞ ባዕዶች አይደሉም። ምዕራፍ 11 ላይ የዓናቶት ሰዎች ናቸው፤ በእግዚአብሔር ስም ትንቢት ብትናገር በእጃችን ትሞታለህ ያሉት። እሱ ሊታረድ እንደሚነዳ የዋህ በግ ነበርኩ፣ አላወቅኩም ይላል። ቀጥሎ እግዚአብሔር ወንድሞችህና የአባትህ ቤት እንኳ ከድተውሃል፣ በመልካም ቢያናግሩህም አትመናቸው ይለዋል። እዚች ቁጥር ላይ ስደርስ ሁሌም እዘገያለሁ። ለምን እንደሆነ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

እነዚህ ጸሎቶቹ በመጽሐፉ ውስጥ ተበትነው ነው ያሉት፦ በ11 እና 12፣ በ15፣ በ17፣ በ18፣ በ20። በተርታ ላነባቸው ስሞክር አንድ ነገር አየሁና ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለመጀመሪያዎቹ መልስ አለ። ምዕራፍ 12 ላይ የክፉዎች መንገድ ለምን ይቀናል ብሎ ሲሟገት፣ ከእግረኞች ጋር ሮጠህ ከደከምህ ከፈረሶች ጋር እንዴት ልትሆን ነው ተባለ። የሚያጽናና መልስ አይደለም፤ የባሰ አለ ነው የተባለው። ግን መልስ ነው። ምዕራፍ 15 ላይ ቁስሌ ለምን አይድንም፣ ውኃው እንደሚደርቅ ምንጭ ልትሆንብኝ ነውን ሲል፣ ብትመለስ እመልስሃለሁ፣ የናስ ቅጥር አደርግሃለሁ፣ ይዋጉሃል ግን አያሸንፉህም ተባለ። ከዚያ በኋላ ዝም። ምዕራፍ 17 ላይ «ፈውሰኝ፣ እኔም እፈወሳለሁ፤ አድነኝ፣ እኔም እድናለሁ» ይላል፤ መልስ አልተጻፈም። 18 ላይም አልተጻፈም። 20 ላይ ያ ሁሉ እርግማን ወርዶ፣ ከማኅፀን የወጣሁት ለምንድን ነው ብሎ ጠይቆ፣ ምዕራፉ በዚያው ያልቃል። እሱ ግን መጸለዩን አልተወም። ጸሎቱ እየመረረ ሄደ እንጂ አልቆመም።

የ18ቱን ጸሎት እስከ ዛሬ ጮክ ብዬ ማንበብ አልችልም። ስለ እነርሱ መልካም ልናገር፣ ቁጣህን ልመልስ በፊትህ የቆምኩትን አስብ ይላል፤ እነርሱ ግን ለነፍሴ ጉድጓድ ቆፈሩ። እስከዚህ ድረስ አብሬው ነኝ። ቀጥሎ ልጆቻቸውን ለራብ ስጥ ይላል። ሚስቶቻቸው የወላድ መካን መበለትም ይሁኑ፣ ኃጢአታቸውን ይቅር አትበል። ለልጆቹ። ጠላቶቹን ቢረግም አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ምን አጠፉ? አንድ ጊዜ የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ፣ ሰይፍ ከመምዘዝ ለእግዚአብሔር መንገር ይሻላል» አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ ኤርምያስ በማንም ላይ እጁን አላነሳም። ቢሆንም ልጆቹን ስለጠቀሰው ነገር አልመለሱልኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳቸውም።

ደግሞ ያ የጸለየው ደረሰ። ባቢሎናውያን ከንጉሡ ከሴዴቅያስ 9ኛ ዓመት እስከ 11ኛው ዓመት ኢየሩሳሌምን ከበቧት፣ እንጀራ አለቀ። ሰቆቃወ ኤርምያስ ላይ ሕፃናት እንጀራ ሲለምኑ የሚቆርስላቸው እንደታጣ ይነበባል፤ ጡት የሚጠቡት በጎዳና ላይ ዝለው ሲወድቁ፣ እናቶቻቸውን እህል ወዴት አለ እያሉ በእናታቸው እቅፍ ውስጥ ነፍሳቸው ስትወጣ። አባቶች የሰቆቃው ባለቤት እሱ ራሱ ነው ይላሉ። በሰሞነ ሕማማት ሲነበብ ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ፤ ሁሌ ስለ ከተማይቱ የተለቀሰ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ያቺን የ18ቱን ጸሎት እያሰብኩ ነው የምሰማው። ልጆቻቸውን ለራብ ስጥ ያለው አፍ ነው እንዲያ የሚያለቅሰው። ዓይኔ በእንባ ደከመ፣ አንጀቴ ታወከ የሚለው እሱ ነው። እግዚአብሔር ያን ጸሎት ሰምቶ ነው ወይስ ሳይሰማው፣ እኔ የምፈርደው አይደለም። ኤርምያስ ግን ይኸው ሆነላችሁ አላለም። አለቀሰላቸው።

ሌላው የሚገርመኝ፣ ይህ ሁሉ ተጽፎ መቅረቱ ነው። በንጉሡ በኢዮአቄም 4ኛ ዓመት ጸሐፊው ባሮክ ከኤርምያስ አፍ እየሰማ በቀለም ጻፈ። ያን ጥቅልል በ5ኛው ዓመት በ9ኛው ወር ንጉሡ በክረምት ቤቱ እሳት ፊት ለፊት ተቀምጦ አስነበበው፤ ይሁዲ የሚባለው አንባቢ ሦስት አራት ዓምድ ባነበበ ቁጥር በጸሐፊ ቢላ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ይጥለው ነበር፣ ጥቅልሉ በሙሉ እስኪያልቅ። ኤርምያስ እንደገና አጻፈው፣ ብዙም ጨመረበት። እኔ በጨለማ ለእግዚአብሔር የምለውን ነገር ለማንም፣ ለእህቴ እንኳ፣ ቁጭ ብዬ አላጽፍም። ባሮክም ሸክሙ ከብዶት ወዮልኝ፣ እግዚአብሔር በሕመሜ ላይ ኀዘን ጨመረብኝ ብሎ ነበር፤ ያም ተጽፏል። ከነአታለልኸኙ፣ ከነእርግማኑ አንድም ሳይታጠብ ለእኛ ደርሷል። እኛ እኮ ለቀስተኛ ፊት እንኳ እንባችንን ጠርገን ነው የምንወጣው።

ለኤርምያስ እርዳታው ምን ሆኖ እንደመጣ ደግሞ ስሙ። በሴዴቅያስ ዘመን የሰሌምያ ልጅ ዮካል ከንጉሡ ተልኮ ስለ እኛ ወደ እግዚአብሔር ጸልይ አለው። ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ ይኸው ዮካል፣ ከጳስኮር ልጅ ከጎዶልያስና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ይህ ሰው ይሙት ብሎ ንጉሡን ጠየቀ። በገመድ አውርደው የመልክያ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ውኃ አልነበረበትም፣ ጭቃ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ ገባ። እዚያ ውስጥ ምን ብሎ እንደጸለየ ምዕራፉ አይናገርም።

አቤሜሌክ መጣ። ኢትዮጵያዊ ነው፣ የንጉሥ ቤት ጃንደረባ። ንጉሡ በር ላይ ተቀምጦ ሳለ በሰው ፊት ሄዶ እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ክፉ ነው፣ በራብ ይሞታል አለው። 30 ሰው ተሰጠው። በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሄደም፤ መጀመሪያ ከግምጃ ቤቱ በታች ካለው ክፍል አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ፈልጎ አወጣ። ያን በገመድ ወደ ጉድጓዱ አወረደና ጨርቁን ከገመዱ በታች በብብትህ አድርገው አለው። ገመዱ እንዳይከረክረው ነው። ብዙ ቀን ሳይበላ የቆየ፣ ጭቃ የያዘው ሰው ሲጎተት ብብቱ እንደሚላጥ ያሰበ ሰው ነው። እኔ በልጅነቴ ስለ አቤሜሌክ የሰማሁት 66 ዓመት የተኛውን ነው፣ በለሱ በሙዳይ ሳይጠወልግ ከእንቅልፉ የነቃውን። እሱም ደስ ይለኛል። ነገር ግን እንዲያ ያለ ተአምር የተነገረለት ሰው ታላቁ ሥራው እላቂ ጨርቅ መፈለጉ ይመስለኛል።

ኤርምያስ የናስ ቅጥር እንደሚሆን ተነግሮት የተላከለት ጨርቅ ነው። ይህን ቅር ብሎኝ አይደለም የምጽፈው።

ባለሥልጣናቱም ስማቸው ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢየሩሳሌም በዳዊት ከተማ ቁፋሮ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ኤይላት ማዛር የሰሌምያ ልጅ ዮካል የሚል የጭቃ ማኅተም አገኘች፤ በ2008 ደግሞ እዚያው አቅራቢያ የጳስኮር ልጅ ጎዶልያስ የሚል። ስፋታቸው የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ፎቶውን ሳየው ፊደሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ጸልይልን ብሎ ተልኮ ቀጥሎ ይሙት ያለው ሰው የደብዳቤው ማሸጊያ ይህን ሁሉ ዘመን ቆየ።

የኦርዮ ግን ምንም የለም። ኦርዮ የሸማያ ልጅ ከቂርያትይዓሪም ነው፣ ምዕራፍ 26 ላይ በጥቂት ቁጥሮች ያልፋል። ኤርምያስ የተናገረውን ሁሉ እሱም ተናገረ። ኢዮአቄም ሊገድለው ሲፈልግ ፈርቶ ወደ ግብፅ ሸሸ። ኤልናታንን ከሰዎች ጋር ልከው ከዚያ አመጡት፣ ንጉሡ በሰይፍ ገደለው፣ ሬሳውንም ተራ ሰው በሚቀበርበት ጣለው። በዚያው ሰሞን ኤርምያስን የሳፋን ልጅ አኪቃም ደግፎት ከሞት ተረፈ። ኦርዮ አኪቃም አልነበረውም። የሚጽፍለት ባሮክም አልነበረውም። ግብፅ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ የጸለየውን፣ አስረው ሲያመጡት በመንገድ ያለውን አንድ ቃል አናውቅም፤ እሱም አድነኝ እንዳለ ግን አልጠራጠርም። ኤርምያስስ ይህን ሲሰማ ምን አለ? የክፉዎች መንገድ ለምን ይቀናል ያለው ስለ ራሱ ብቻ ነበር፣ ወይስ በዚያ ጸሎት ውስጥ ኦርዮም አለበት?