አባባና ኢንጂነሩ

ያንን ሪፖርት ባየሁ ቁጥር አሁንም ያስቀኛል። ያናድደኛልም።

አዶላ አካባቢ ወርቅ ፍለጋ ላይ ነበርን። እዚያ የሰሜን ደቡብ ሺር ዞኑን (አለት ከአለት ጋር የተንሸራተተበትን ቀጠና) ይዘህ ኳርትዝ ቬይኑን፣ ማለትም ስንጥቁን የሞላውን ነጭ ድንጋይ፣ መከተል ነው ሥራው። ባህላዊ አምራቾች ከእኛ በፊት ቬይኑን ላዩን ቆፍረው ጨርሰውታል።

አለቃችን ሀብታም የተባለውን ጉድጓድ ካርታው ላይ አዩ። «ቬይኑ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። ከምዕራብ በድሪል ገብተን ልክ ከዚህ ሥር እንመታዋለን» አሉ።

መታነውማ! ነጭ ኳርትዝ ኮር (ድሪሉ የሚያወጣው የድንጋይ ናሙና) ሳጥኑ ውስጥ እንደ አሞሌ ጨው ተጋደመ። ብዙ ጊዜ ከወርቅ ጋር የሚገኘው ሰልፋይድ ማዕድን የለ፣ ምን የለ። የላብ ውጤቱም ባዶ።

የካምፑ ዘበኛ ድሮ ቆፋሪ ነበሩ። ማታ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ እዚህ ጉድጓድ ወርቅ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ እንጂ።»

«ታዲያ ከሥሩ የታለ?»

«ከሥሩ ምን ያደርጋል? ጉድጓዶቹን እያቸው እስቲ ልጄ። ይሄ አጭር ነው። ቀጥሎ ያለው ጠለቅ ይላል። ወዲያ ጫፍ ያለውን ውኃ እስኪያስቆመን ወርደንበታል። ወርቁ ወደ ሰሜን እየጠለቀ ይሄዳል፣ እኛም እንከተለዋለን።»

እኛ ሹት የምንለው የቬይኑ ሀብታም ክፍል ይኸው ነው። ስንጥቁ ሁሉ እኩል አይከፈትም። ስብራቱ በታጠፈበት ወይም ሌላ ስብራት ባቋረጠው ቦታ ክፍተቱ ይሰፋል። ትኩሱ ፈሳሽ ወደዚያ ይጎርፋል፣ ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ወርቁን ይጥላል። ስለዚህ ሀብታሙ ክፍል ቬይኑ ውስጥ ዘመም ብሎ የሚወርድ አምድ ነው። ቬይኑን መታህ ማለት ሹቱን አገኘህ ማለት አይደለም።

ጠዋት ለአለቃዬ ነገርኳቸው።

«እኛ ድሪል የምናደርገው በዳታ ነው፣ በዘበኛ ወሬ አይደለም!»

ዳታ ካሉ ዳታ። የጉድጓዶቹን ጥልቀት በገመድ ለካሁ። ሺስቱ (ቅጠል በቅጠል የተነባበረው አለት) ላይ ያለውን ሊኒኤሽን፣ ማለትም ማዕድናቱ የተዘረጉበትን መስመር፣ በኮምፓስ ወሰድኩ፣ እሱም ወደ ሰሜን ይጠልቃል። ሁሉንም ቬይኑን በርዝመቱ ከጎን በሚያሳይ ሥዕል (ሎንግ ሴክሽን) አስቀምጬ፣ የአባባን ስም ሳላነሳ ሰጠኋቸው።

«ይሄ ነው ሥራ!» አሉ።

ሪጉ (የድሪል ማሽኑ) ወደ ሰሜን ሄደ። ኮሩ ፓይራይት የተባለውን ሰልፋይድ ጠጥቶ መጣ። በሌንስ ሳይ ደግሞ ወርቋ ራሷ ቁጭ ብላለች። ሪፖርቱ ላይ ግኝቱ «በቡድን መሪው የስትራክቸር ትንታኔ» ተብሎ ተጻፈ። የእኔም ስም የለም፣ የአባባ ስማ ጭራሽ።

አለቃችን በዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው በር ላይ ቆሙና ለአባባ ያስረዷቸው ጀመር። «አባባ፣ ወርቁ እኮ ቀጥታ አይወርድም። ወደ ሰሜን ነው የሚጠልቀው።»

አባባ ባርኔጣቸውን አነሱ። «አይ መማር!» አሉ፣ እኔን እያዩ።