ዜማውን ግን አትጣሉት

አዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር ተመልካቹ የማያውቃቸውን ዘፈኖች ይዞ ነው መድረክ ላይ የሚወጣው። ወደ ታዋቂ ድምፃዊ ኮንሰርት የሚሄድ ሰው ግማሹን ደስታ ከቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ ዘፈኑን ለምዶታል፣ ገና መግቢያው ሲሰማ ያጨበጭባል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ግን ዜማውንም፣ ግጥሙንም፣ ታሪኩንም በአንድ ጊዜ እዚያው መቀበል አለበት። ያመለጠውን ስንኝ ገጽ ገልጦ አያነበውም። እኔን ከዚህ ሥራ ጋር ያቆራኘኝም ይኸው ነው።

በልምምድ ሰሞን ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብን ግጥሙ በአንድ መስማት እንዲገባ ማድረግ ነበር። ጠብቆ መነገር ያለበትን ቃል ዜማው አላልቶት ካለፈ ትርጉሙ ይጠፋል። ወረቀት ላይ ያማረው ስንኝ ተዋናይዋ እየተወዛወዘች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ስትዘፍነው አይሰማም። ከፍ ያለው ኖታም አፍ የሚያስከፍት ድምፅ ላይ ካላረፈ ጉሮሮ ይታነቃል።

እኔ ከሁሉ የምሳሳለት ግን ንግግር አልቆ ዘፈን የሚጀመርበት ቦታ ነው። ሰው እንዲሁ ተነስቶ አይዘፍንም፤ ገጸ ባሕሪው በንግግር የማይወጣው ስሜት ሲመጣበት ነው ዜማ የሚገባው። ፒያኒስቷ አንዲት አጭር ሐረግ ቀስ አድርጋ ትደጋግማለች፤ ተዋናዩ ንግግሩን እስኪጨርስ፣ እስኪዞር፣ ትንፋሽ እስኪወስድ ትጠብቀዋለች። ዐይኗ ከትከሻው አይነቀልም። ትከሻው ከፍ ሲል ወደ ዘፈኑ ትገባለች። አንዳንድ ቀን ሦስቴ፣ አንዳንድ ቀን ሰባቴ ትደጋግመዋለች፤ ሁሌም ልክ ናት። ተመልካቹ ይህን አያይም፣ ማየትም የለበትም። እኔ ግን ሁልጊዜ እሷን ነው የማየው።

ተዋናዮቹ ከባንዱ ጋር መጀመሪያ የሚገናኙበት ቀንም አለ። እስከዚያ ፒያኖው ብቻውን የሁሉንም መሣሪያ ቦታ ተክቶ ይቆያል። በዚያ ቀን እንቅስቃሴ የለም፣ አልባሳት የለም፤ ሁሉም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይዘፍናል። ድንገት ከዜማው ሥር ቤዝ ይገባል፣ ከላይ ትራምፔት ይመጣል። ዘንድሮ አንዱ ወጣት የራሱ ዘፈን ሲጀመር መግቢያው አምልጦት ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ነበር። አዘጋጁም አላቋረጠውም።

ይህ ሁሉ ተለፍቶም ሥራው አላለቀም፤ የሚጨርሰው ተመልካች ነው። አሜሪካዊው ስቲቨን ሶንዳይም ዜማና ግጥሙን የጻፈለት አንድ ሙዚቃዊ ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ1962 የኒው ዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ወዳሉበት ብሮድዌይ ከመግባቱ በፊት ዋሽንግተን ላይ ሲታይ ሕዝቡ አልሳቅ አለ። እንዲያዩት የተጠሩት አዘጋጅና የውዝዋዜ ባለሙያ ጀሮም ሮቢንስ ችግሩ መክፈቻው ላይ ነው አሉ፤ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ስለነበር ተመልካቹ ለቀልድ አልተዘጋጀም። ሶንዳይም የሚመጣው ቀልድ መሆኑን ፊት ለፊት የሚናገር ሌላ መክፈቻ ጻፈ። ሥራው ብሮድዌይ ላይ 964 ጊዜ ታየ። ያን መክፈቻ ያስጻፈው ዋሽንግተን ላይ ያልሳቀው ሕዝብ ነው።

ለዚህ ነው ሰዎች በትንሽ አዳራሽ የሚቀርብን አዲስ ሥራ «ገና ነው፣ ሲበስል እናየዋለን» ሲሉ የሚከፋኝ። የሚበስለው እኮ እነሱ ሲመጡ ነው! ሳል የበዛበት ትዕይንት ረዝሟል ማለት ነው፤ ይህን ከአዳራሹ ወንበር በቀር የሚነግረን የለም።

ደግሞ ተመላልሰው የሚያዩን አሉ። ትናንት ከትርኢቱ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው የወንድማማቾቹ ዘፈን የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ። በመጀመሪያው ትርኢት ሰምተውታል። ታሪኩን ስላዘገየው አወጣነው አልኳቸው። «ዜማውን ግን አትጣሉት፤ እኔ ሳንጎራጉረው ነው የሰነበትኩት» አሉኝ። አንዴ የሰሙትን!

ዛሬ ጠዋት ለዜማ ደራሲው ነገርኩት። ግጥሙ አይመለስም፣ በዚህ ሁላችንም ተስማምተናል። ዜማውን ግን በሁለተኛው ገቢር ወንድማማቾቹ ሳይነጋገሩ በሚተላለፉበት ትዕይንት ላይ በመሣሪያ ብቻ እናስገባዋለን። ባንዱ ለቅዳሜ እንዲለማመደው ኖታውን ዛሬ ማታ እየጻፈ ነው።