ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ

ዛሬ የእህቴን የኩላሊት ናሙና ውጤት ልቀበል ሄጄ ነበር። ፓቶሎጂስቷ፣ ናሙናውን የመረመሩት ሐኪም፣ ወረቀቱን ከመስጠታቸው በፊት «ይምጡና በዓይንዎ ይመልከቱ» ብለው ከማይክሮስኮፑ ፊት ወንበር ሳቡልኝ።

በመርፌ የወጣው ሥጋ ከክር አይወፍርም። ፎርማሊን ውስጥ ሰንብቶ፣ በሰም ተቀብሮ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ በማይበልጥ ስስነት ተልጦ ብርጭቆ ላይ ተለጥፏል። የእህቴ የእግር እብጠትና የስምንት ወር ምልልሳችን በሙሉ እዚያች ላይ ነው።

ሥጋው የተነከረበት ማቅለሚያ ኮንጎ ቀይ ይባላል። በ1883 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ለጥጥ ጨርቅ ነበር፤ ይህን ስሰማ ሳልፈልግ ሳቅሁ። ያየሁት ደብዘዝ ያለ ቀይ እድፍ ብቻ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ምንም አልገባኝም። ሐኪሟ አንዲት የብርሃን ማጣሪያ ቀስ አድርገው አዞሩ። ሁሉም ነገር ጨለመ፤ ከጨለማው መሐል ያልበሰለ ፖም የመሰለ አረንጓዴ ቦግ አለ።

«አሚሎይድ ነው» አሉ። አጣጣፉ የተበላሸ ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ የሚከማችበት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ሕመም። ሕክምናው የሚወሰነው የፕሮቲኑ ዓይነት ሲለይ ስለሆነ ገና ሌላ ምርመራ ይቀራል።

ማጣሪያውን እኔም እንዳዞር ፈቀዱልኝ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ።

«ድካም ነው፣ ዕረፊ» ሲሏት በከረሙት ሐኪሞች ላይ መፍረድ አቃተኝ። አሚሎይድን አስቀድሞ የጠረጠረ ሰው ካልኖረ ያንን ማቅለሚያ ማን ያዝዛል?

ለእህቴ ደወልኩላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የበሽታው ስም እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ፊደል በፊደል ነገርኳት።