ፈረሶቹ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ነበር

ቢሾፍቱ ተወልዶ ያደገ ሰው ትርዒት መጠበቅ ያውቅበታል። ልጅ ሳለን እዚያው ከተማችን ካለው ሐረር ሜዳ የሚነሱት የአየር ኃይል ጀቶች በቤታችን ቆርቆሮ ላይ ሲያልፉ ረከቦት ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ይንጫጩ ነበር፤ እናቴ ጀበናዋን በአንድ እጇ ደግፋ ድምፁ እስኪርቅ ወሬዋን ታቋርጣለች። የበረራ ትርዒት ያለ ቀን ሰፈሩ በሙሉ አንገቱን ሰቅሎ ይውላል። ሰማዩን ለማየት ማንም ማንንም አይጋፋም። ጥር ላይ ጎጃም ሄጄ የጠበቅሁት ትርዒት ግን ሜዳ ላይ ነበር፤ የፈረስ ትርዒት። ከተመለስኩ ሰነበትኩ፣ ደስታውም ንዴቱም ግን አልወጣልኝም።

ለሥራ ባህር ዳር ነበርኩ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ እንደሚያከብር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ በ1888 የዓድዋ ድል የተገኘበት የካቲት 23ም የጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ ፈረሰኞቹ ሲሰበሰቡ ዓድዋ ድረስ ዘምተው የቀሩትን ፈረሶችም ያስባሉ። የእኔ ፈቃድ ግን እስከዚያ አይደርስም። አብሮኝ የሚሠራ የዳንግላ ልጅ ይህን ሲሰማ፣ "ግድ የለህም፣ በዚህ እሑድ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለች ከተማ ላይ የአካባቢው ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመራል" አለኝ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ያዘንኩት በአዘጋጆቹ ነው፤ የከተማዋ ሰው ምንም አልበደለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ባህር ዳር መናኸሪያ የተለጠፈው ታሪፍ ሌላ፣ ረዳቱ የሚጠይቀው ሌላ። "የበዓል ሰሞን አይደል?" ይላል። ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ። ለራሴ ብዙም አልከፋኝም፤ የአዲስ አበባና የቢሾፍቱ መስመርም በበዓል ያው ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ግን ሳትከራከር መቀነቷን ፈትታ የተጣጠፉ አሥር አሥር ብሮች መቁጠር ስትጀምር ሆዴ ተረበሸ። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መራዊን፣ ዱርቤቴንና ዳንግላን በእንቅልፍ አለፍኳቸው። ስነቃ አገሩ ተለውጧል። መንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ በሚሉት ዛፍ ተሸፍኗል። ገበሬው በማሳው ይተክለዋል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል፤ የከሰሉ ማዳበሪያ አስፋልቱ ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ማሳ ላይ በሬ በለመድኩበት ቀንበር ሥር ሁለት ፈረሶች አየሁ። ፈረስ ሲያርስ! በቢሾፍቱ ዙሪያ፣ አድአ ላይ ስንት የጤፍ ማሳ አይቼ አድጌ ይህን በዕድሜዬ አላየሁም። ሹፌሩን "አንዴ ቀስ በልልኝ" ብዬው ቀስ አለልኝ፤ ስለ ታሪፉ የያዝኩበትን ቂም ግማሹን እዚያው ተውኩለት።

እንጅባራ ዕቃዬን ጥዬ በባጃጅ ዘንገና ሄድኩ። ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው መንገድ ያለ፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያም አፈጣጠራቸው እንደዚሁ ነው። የእኛዎቹ ዳርና ዳር ግን በአጥር ስለተያዘ ብዙ ጊዜ ውኃውን ለማየት ሻይ መግዛት ያስፈልጋል። ዘንገና ዛፉ እስከ ውኃው ወርዶ፣ ጦጣው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንድም የሙዚቃ ድምፅ ሳይሰማ አገኘሁት። አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሌሊቱ ከበደኝ። በስልክ በሰባት መቶ ብር የያዝኩት ክፍል ስደርስ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሆኖ ጠበቀኝ። የመስኮቱ አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል፣ ብርድ ልብሱ አንድ ነው፣ የእንጅባራ የጥር ብርድ ደግሞ ባህር ዳር ለሰነበተ ሰው አጥንት ይሰብራል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ኮሪደር ወጥቼ ስንጎራደድ የምታጸዳው ልጅ አየችኝ። ገብታ የራሷን ጋቢ ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ይህን ደርበው ይተኙ" አለችኝ። "አንቺስ?" ስላት "እኔ ለምጀዋለሁ" ብላ ሄደች። ጋቢው የጭስና የቅቤ ሽታ ነበረው፤ እስኪነጋ ተኛሁ።

እሑድ ከ3 ሰዓት በፊት ሜዳው ደረስኩ። ፈረሰኞቹ ቀድመውኛል፤ ከመቶ በላይ ይሆናሉ። ቀይና ቢጫ ግላስ የለበሱ፣ ግንባራቸው ላይ የክር ዘርፍ የተንጠለጠለላቸው፣ በቀለማቸው መጋላ፣ ዳማ፣ አምባላይ። አንዱ አንገቱን በነቀነቀ ቁጥር ልጓሙ ይንሿሿል፤ ያ ድምፅ ከመቶ ፈረስ ሲሰማ ገና ምንም ሳይጀመር ሰውነት ይወርራል።

ምንም አልተጀመረም። 4 ሰዓት ሆነ፣ 5 ሆነ። ሞንታርቦው "የክብር እንግዶቻችን በመንገድ ላይ ናቸው" ይላል፣ ጄኔሬተሩ ይጠፋል፣ ሲነሳ ያንኑ ይደግማል። ድንኳኑ የተተከለው ፀሐይ እንዳያገኘው ተብሎ ከሜዳው እኩሌታ ስለሆነ ከኋላው ያለው ሕዝብ የሚያየው ሸራ ብቻ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ባዶ ወንበሮችና በየወንበሩ ፊት ሁለት ሁለት የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። ለፈረሶቹ አንድ ገንዳ እንኳ አልተዘጋጀም። ሜዳውን ዞሬ ፈለግሁ፤ የለም።

ከሁሉ የከፋው ገመዱ ነበር። ግልቢያው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ገመድ ወጥረው ከገመዱ ኋላ ሕፃናትን አስቀምጠዋል። ቢሾፍቱ ጎረቤታችን የነበሩ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ስለ በረራ ትርዒት ሲያጫውቱን አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር፤ አውሮፕላን በሕዝቡ ጎን ያልፋል እንጂ ወደ ሕዝቡ አይመጣም። በፈረንጆች 1988 ጀርመን ራምሽታይን ላይ አንዱ አብራሪ ወደ ተመልካቹ አቅጣጫ እየበረረ ከጓደኞቹ ጋር ተጋጭቶ ስባሪው ሕዝቡ ላይ ወረደ፤ 70 ሰው ሞተ። ፈረስም በሙሉ ኃይሉ ከጋለበ በኋላ ለመቆም ቦታ ይፈልጋል። ይህን ባጅ ላንጠለጠለው ወጣት ነገርኩት። "ፕሮግራሙ ጸድቋል" አለኝ። ሌላውን ጠየቅሁ፤ "እሱን የሚያውቀው ኮሚቴው ነው።" ኮሚቴው የት ነው? እንግዳ ሊቀበል ሄዷል።

ከሜዳው ዳር አንድ ሽማግሌ ግንባረ ቦራ ዳማ ፈረሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ካኪ ለብሰው ጋቢያቸውን የፈረሱ ጀርባ ላይ አልብሰውታል፤ ፀሐዩ እሳቸውን እየመታቸው።

"አባቴ፣ መቼ ነው የተነሱት?"

"ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።"

"ውኃ ጠጥቷል?"

"ወንዝ ስንሻገር ነው የቀመሰው። እዚህ አለ ብለውን ነበር።" ትንሽ ዝም ብለው የፈረሱን አፍንጫ በመዳፋቸው ጠረጉለት። "እኔስ ታግሼ እውላለሁ ልጄ። እሱ ለማን ይናገራል?"

ባጃጅ ጠራሁ። ቦኖው ቅርብ ነው፣ ጀሪካን ግን የለኝም። አጥር ላይ ልብስ ስታሰጣ ያየኋት ሴት ሁለት ቢጫ ጀሪካንና ልብስ የምታጥብበትን ሰፊ ሳፋ አጥባ ሰጠችኝ፤ ላስይዝ ያልኳትን ብር በእጇ ገፋችው። "ለፈረስ አይደል? ውሰደው" አለች። ባለ ባጃጁ ለመጀመሪያው ምልልስ ስልሳ ብር ተቀበለኝ፣ ለቀሩት አራቱ እንቢ አለ።

ሽማግሌው ልጓሙን አወለቁለት። የአፉ ዳርና ዳር ብረቱ የያዘበት ቦታ አረፋ ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። ከንፈሩን ውኃው ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ አልጠጣም፣ አሸተተ። ከዚያ መሳብ ጀመረ፤ በዋጠ ቁጥር ሁለቱ ጆሮዎቹ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ይላሉ፣ ጉሮሮው ላይ ውኃው እንደ እንቁላል ሲንከባለል ይታያል። ሽማግሌው መሃል ላይ ሳፋውን ሳብ አድርገው አሳረፉትና መልሰው ሰጡት። ሌሎቹ ፈረሰኞች አይተው ተራ ያዙ። በተራው አንድም ግፊያ አልነበረም።

እስከዚያ ሲያጫውቱኝ፣ በእሳቸው አገር ፈረስ ሙሽራ ያመጣል፣ ያርሳል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ባለቤት ሳይኖርበት ይሳባል። "እና ባለ በዓሉ ማን መሰለህ?" አሉኝ።

እንግዶቹ የመጡት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ንግግሩ ቀጠለ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ማንንም ሳይጠይቁ ተነስተው ገመዱን ፈቱ፣ ሕፃናቱን አስነስተው ወደ ጎን አዛወሩ፣ ገመዱን በሜዳው ቁመት መልሰው ወጠሩ። ባጅ ያንጠለጠሉት ወጣቶች ቆመው አዩ። በዚያ ቀን ከተሠራው ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀም።

ጉግሱ ሲጀመር ሁሉን ረሳሁ። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ሲወረውር ሸሹ ዞር ሳይል ጋሻውን ከኋላው አዙሮ ይመክታል። ጠንጋራ ምት አንድም አላየሁም። መሬቱ በእግሬ በኩል ይሰማኛል፤ ልክ እንደ ልጅነቴ የሲኒ መንቀጥቀጥ። የእኔ ሽማግሌ ገቡ። ኮርቻው ላይ ሲወጡ ሁለት ልጆች ደግፈዋቸው ነበር፤ ፈረሱ ከተነሳ በኋላ ግን የሃያ ዓመት ጎበዝ ሆኑ። ከኋላቸው የነበረው ወጣት የወረወረውን ዘንግ ጋሻቸው ላይ ጧ አድርገው መልሰው፣ ሦስት ፈረስ አልፈው፣ ያ ገመድ የነበረበትን ቦታ በሙሉ ግልቢያ ተሻግረው ርቀው ቆሙ። ገመዱ እዚያው ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ፣ እጄ ላብ አላበው።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ሞንታርቦው አቋረጠው። የምስክር ወረቀት ይሰጣል ተባለ። ጋላቢውን ሳያንገጫግጩ የሚሄዱት ሰጋር ፈረሶች በስግሪያ ሊወዳደሩ በአንድ በኩል ተሰልፈው ነበር፤ ተራቸው ሳይደርስ እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሄዱ፣ ድንኳኑ መፍረስ ጀመረ፣ ጄኔሬተሩም ጠፋ። ሌሊት ከቤቱ የወጣ ሰጋር አንድ ዙር ሳይረግጥ ተመለሰ። ከጎኔ የቆመው ባለ ሰጋር ምንም አላለም፤ ግላሱን አጥፎ ኮርቻው ሥር ከተተው።

ገበያው ዳር ቅቅል ድንች በዳጣ በልቼ ሚኒባስ ፍለጋ ስወጣ ሽማግሌውን ድጋሚ አገኘኋቸው። ሳፋውን ቦኖው ላይ አለቅልቀው በግራ እጃቸው ይዘውታል፣ በቀኛቸው ፈረሱን ይስባሉ። የሴትየዋ ደጃፍ ቆመው ተጣሩ፣ ስትወጣ በሁለት እጃቸው አስረከቧት፣ መረቋት።

"ጥር 23 እንጅባራ ትመጣለህ?" አሉኝ ዞረው።

"ፈቃዴ አልቋል አባቴ።"

"እንግዲያው ለከርሞ" አሉኝ። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ፈረሱ ላይ አልወጡም፤ ደክሞታል ብለው በእግራቸው ነው የሄዱት።