ዘጌ ላይ ደም ብዛት ስንለካ

ጣና ሐይቅ ዳር ባለችው ዘጌ ላይ የደም ብዛት ጥናት ላደርግ ስነሣ አስቀድሜ የሄድኩት ወደ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ነው። ከደም ብዛት ክኒኖች አምሎዲፒን አለ? ሃይድሮክሎሮታያዛይድስ? ሲያልቅ ከየት ይመጣል? አንዲትን እናት "ደም ብዛት አለብዎት" ብሎ መድኃኒት ወደሌለበት መላክ በደል ነው። የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች የት እንደሚላኩ፣ በየትኛው ቀን እንደሚታዩ ከባለሙያዎቹ ጋር ከተስማማን በኋላ ነው የሥነ ምግባር ፈቃዱን ይዤ ከባሕር ዳር በጀልባ የተሻገርኩት።

ቤት ለቤት የመራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ትኩረቱ እናቶችና ሕፃናት፣ ወባና መጸዳጃ ቤት ላይ ነበር፤ ስኳርና ደም ብዛት ኋላ የመጡ ሥራዎች ናቸው። እሷ ግን ማን ሐዘን ላይ እንዳለ፣ ማን ጸበል እንደገባ ታውቃለች። የትኛው ቤት ዛሬ፣ የትኛው ሌላ ቀን እንደሚገባ የወሰነችው እሷ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት የቅኝት መመሪያ ሰውየው 15 ደቂቃ ቁጭ ብሎ እንዲያርፍ፣ ከዚያ በ3 ደቂቃ ልዩነት ሦስት ጊዜ እንዲለካና የኋለኞቹ ሁለቱ አማካይ እንዲወሰድ ያዛል። ከ140 በ90 ጀምሮ ከፍተኛ ነው። ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። ዘጌ ደግሞ በሬ ጠምዶ የማያርስ፣ በቡናና በጌሾ የሚኖር አገር ነው፤ እንግዳ ቡና ሳይጠጣ አይወጣም። ስለዚህ ሥራችንን ከቡናው ጋር አስማማነው። ቡናው ሲታጠብ ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ሲቆላና ሲወቀጥ ሰውየው ቁጭ ብሎ ያርፋል፤ ጀበናው እስኪፈላ ሦስቱን እንለካለን። ረጅሙ መጠይቅ ከአቦል በኋላ ነው። የምትለካው ራሷ ባለቤቲቱ ከሆነች ልጇ ወይም ጎረቤቷ ትቆላላታለች፣ ምክንያቱም ሙቀጫ ስትወቅጥ የቆየች ሴት ግፊቷ የዕረፍት ግፊት አይደለም።

ዕድሜ ስንጠይቅ "እንጃ" ላሉን "ደርግ ሲገባ አግብተው ነበር?" "በ77 ድርቅ ስንት ልጅ ነበረዎት?" እያልን ደረስንበት።

ጨው ግን ከባድ ነበር። "ጨው ያበዛሉ?" ሲባል መልሱ "ኧረ ትንሽ ናት" ነው፤ እውነታቸውን ነው፣ ወጡ ላይ የሚነሰንሱት ትንሽ ናት። በርበሬው ሲዘጋጅ ግን ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ። ስለዚህ ቤቱ በወር ስንት ጨው እንደሚገዛ ጠየቅን። አምስት ሰው ያለበት ቤት አንድ ኪሎ በወር ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን ወደ 7 ግራም ይጠጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ምክራችንም ወደ በርበሬው ዞረ፦ ሲዘጋጅ ጨው አይግባበት፣ ወጥ ሲሠራ ብቻ ይለካ።

ግፊታቸው በጣም ከፍ ያለ አንዲት እናት፣ "ሳያመኝ መድኃኒት ልዋጥ፣ ልጄ?" አሉኝ። ይህን ጥያቄ በየቤቱ ሰምቼዋለሁ፤ ተገቢም ነው። ደም ብዛት ምንም ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል ደም ሥርን ይጎዳል። እኔ ካስረዳሁት ይልቅ የጎረቤታቸው ነገር ይበልጥ አሳመናቸው፤ ሰውየው በአንድ ጎኑ ሽባ የሆነው ግፊቱን ሳያውቅ ነው። ጸበል ሲገቡ ክኒኑን ለሚያቆሙትም ከቅዳሴ በኋላ የተናገሩት ካህኑ ናቸው፦ ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ።

አሁን የሚያሳስበኝ የቀጠሮው ነገር ነው። ለአንድ ወር ክኒን የጀልባና የመኪና መክፈል፣ የሥራ ቀን ማጥፋት ብዙዎችን ያስቆማል። በአገራችን በኤችአይቪ ሕክምና ደህና የሆነ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ግፊቱ ለተስተካከለ የዘጌ ሰውም ቢያንስ የሦስት ወር ይሰጠው፤ መካከሉን የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እቤቱ ትለካዋለች።