ልጄ፣ ቲክቶክና የጎረቤታችን ቡና

ኮምቦልቻ ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ይፈላል። ጎረቤታችንም ይመጣሉ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ካቶሊክ፤ ልጆቼ እማማ እያሉ ነው ያደጉት። በቀደም አቦሉ ተቀድቶ እሳቸው ዱዓ ሲያደርጉ ሁላችንም «አሚን» ስንል የ16 ዓመቱ ልጄ ዝም አለ። ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ክው አልኩ። እሳቸው እንዳላዩ ሆኑ።

ማታ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። ለካ ሌሊት ሌሊት ቲክቶክ ላይ የሃይማኖት ክርክር ነው የሚያየው። አንዱ ጥቅስ ይወረውራል፣ ሌላው ይሳደባል። «እማዬ፣ አሚን ካልኩ እምነቴን መካድ አይሆንም?» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። እኔ ራሴ ደሴ ሳድግ «ካቶሊክ ደግሞ ምንድን ነው? ጴንጤ ናችሁ?» እየተባልኩ ነው ትምህርት የጨረስኩት። ጥቂት ነን። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በአገር ደረጃ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላንም። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመውም በ2007 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ጥቂት ሆኖ የሚያድግ ልጅ የሚመክትበት ነገር ቢፈልግ አይገርመኝም፤ ስልኩ የሰጠው ግን ጠብ ነው።

«እማማ የለመኑት ለአገር ሰላም፣ ለእናንተ ጤና ነው። ምኑ ላይ ነው ክህደቱ?» አልኩት። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ሙስሊሞችን በአክብሮት እንደምታይ፣ አንዱን አምላክ እንደሚያመልኩ፣ ማርያምንም እንደሚያከብሩ እ.ኤ.አ. በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሰነድ ላይ መጻፉን ነገርኩት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስም እ.ኤ.አ. በ2019 አቡ ዳቢ ላይ፣ ግብፅ ካለው የእስልምና ተቋም ከአል አዝሃር ታላቅ ኢማም ጋር ስለ ሰው ልጆች ወንድማማችነት ሰነድ መፈረማቸውን ጨመርኩለት። «እዚያ ይሄን ማንም አይልም» አለኝ። እንዴት ይላሉ!

ጥፋቱ ግን የእኔም ነው። ባለቤቴ የፋብሪካ ፈረቃ ላይ ነው፣ እኔም ደክሜ እገባለሁ፤ የማታ መቁጠሪያ ጸሎታችን ከቆመ ወራት ሆኖት ነበር። ቤት ባዶ ሲሆን ስልኩ ገባበት። አሁን እንደገና ጀምረናል። አምስቱንም ምስጢራት፣ ማለትም በመቁጠሪያው ከኢየሱስና ከማርያም ሕይወት የምናሰላስላቸውን ክፍሎች፣ አላልኩም፤ አንዱን ብቻ፣ አስር «ጸጋ የሞላሽ ማርያም»። ጥቂት ደቂቃ ነው። ስልኮቻችን እስኪያልቅ ሞሰብ ውስጥ ይገባሉ። ልጄ የሚይዘው የአያቱን መቁጠሪያ ነው፣ እንጨቱ ከብዙ መነካካት ልሙጥ ሆኗል።

ትናንት እማማ መጥተው ያንን መቁጠሪያ ጠረጴዛ ላይ አዩት። አንስተው በአውራ ጣታቸው አንድ ሁለቱን ገፋ ገፋ አደረጉና «ስንት ነው የምትሉት?» አሉት።

«ሲሞላ ሃምሳ፣ እማማ።»

«የእኔ ዘጠና ዘጠኝ ነው» አሉና ተስቢሃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አጠገቡ አኖሩት። ከዚያ «የመርየም ነው አይደል ያንተው?» ብለው ጠየቁት። ልጄ ምስጢራቱን ከብሥራቱ ጀምሮ ሲነግራቸው ቶናው ቀዘቀዘ።